ላም አለኝ በሰማይ?

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ስለ ሱፐርሲሜትሪ የተነገረ ይመስላል። የፊዚክስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ «እያንዳንዱ የምናውቀው ቅንጣት ያልታየ አቻ ሊኖረው ይገባል» ሲሉ ቆይተዋል። በሰምና ወርቅ ላደገ የጎጃም ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ፊዚክስ «ወርቁን በማስረጃ አሳዩኝ» ማለቱ ነው።

ማስረጃው ግን አልቀረበም። በጄኔቫ አቅራቢያ የሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት (ሰርን) ቅንጣቶችን የሚያላትምበት የ27 ኪሎ ሜትር ኮላይደር እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ጀምሮ በ2012 የሂግስን ቅንጣት አስገኝቷል። ከሱፐርሲሜትሪ አቻዎች ግን አንድም አልተገኘም። አሁን ደግሞ 91 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሌላ ኮላይደር ታስቧል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ 15 ቢሊዮን የስዊስ ፍራንክ ገደማ እንደሚፈጅ ተገምቷል።

በሕግ ዓይን ማስረጃ ስለጠፋ ብቻ «ነገሩ የለም» አይባልም። ነገር ግን ማስረጃ ባጣ ቁጥር ክሱን እያሻሻለ ቀጠሮ የሚጠይቅ ዐቃቤ ሕግን ፍርድ ቤት እስከ መቼ ይታገሠዋል? ቅንጣቶቹ በታሰበው ክብደት ሲታጡ «ምናልባት ከዚህም ይከብዱ ይሆናል» ተብሏል። የአሜሪካ ኮንግረስ ትዕግሥቱ አልቆ በቴክሳስ የተጀመረውን ግዙፍ ኮላይደር 2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከወጣበት በኋላ በ1993 ሰርዞታል። ስለዚህ የአዲሱ ማሽን ጠንካራ መከራከሪያ የሰማይዋ ላም ሳትሆን፣ በእጅ ያለውን ሂግስ በጥራት መለካት ነው።

«እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ሰርን የዌብን ቴክኖሎጂ እ.ኤ.አ. በ1993 ያለ ክፍያ ለዓለም ለቋል፤ ከ2014 ጀምሮም ከሙከራዎቹ የተገኘውን ዳታ ከፊሉን ማንም እንዲመረምረው በነፃ ያወጣል። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ግንደወይን ያለ ተማሪም ይህን ዳታ የመክፈት መብቱ ከጄኔቫው ተማሪ እኩል ነው፤ በወረቀት ላይ።

በተግባር ግን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነቱ በአማራ ክልል በርካታ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ሰርን ላሚቱን ባያገኛት እንኳ ከፍለጋው መሐንዲስና ተመራማሪ ያተርፋል። እኛ የምናጣው ግን ፈላጊውን ልጅ ነው። ስለዚህ ተፋላሚዎች ሁሉ ዛሬ ሊስማሙበት የሚገባ አንድ ጉዳይ ቢኖር፣ ትምህርት ቤትን ከጦርነቱ ውጭ ማድረግ ነው።