የክረምት ወራትና የሕፃናት የሒሳብ ክለሳ

ትምህርት ቤቶች በሰኔ ወር መጨረሻ ሲዘጉ የአንደኛ ደረጃ ሕፃናት ደብተሮቻቸውን አስቀምጠው ወደ ጨዋታና ወደ ቤተሰብ ሥራ ይሠማራሉ። ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜን 5 ቀን ድረስ 65 ቀናት ይቆጠራሉ። በእነዚህ ቀናት ቶሎ ከሚዘነጉት ትምህርቶች አንዱ ሒሳብ ነው። ሕፃኑ ቋንቋውን በየዕለቱ ይናገርበታል፤ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት እንደሆነ ግን የሚጠይቀው የለም። በአሜሪካ አገር ሃሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ 39 ጥናቶችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጽሑፍም፣ በረጅሙ ዕረፍት ይበልጥ ከሚጎዱት ችሎታዎች አንዱ ስሌት መሆኑን አመልክተዋል።

ማካፈልን ረስቶ አምስተኛ ክፍል የገባ ሕፃን ክፍልፋይ ሲመጣበት ግራ ይጋባል፤ አፍሮም ዝም ይላል። ተማሪ በበዛበት ክፍል ውስጥ ዝም ያለውን ሕፃን ለይቶ ማወቅ ለመምህሩ አስቸጋሪ ነው። ወላጆቹ ፊደል ያልቆጠሩ ከሆኑ ደግሞ በቤት ውስጥ ሊረዳው የሚችለው ሁለተኛ ደረጃ የደረሰው ታላቁ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ኃላፊነት የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ነው ብዬ አምናለሁ።

በብዙ ቤት ጉዳዩ የሚታወሰው ጳጉሜን ላይ ነው። ያን ጊዜ ሕፃኑ ከጨዋታው ተጠርቶ የብዜት ሠንጠረዥ እንዲሸመድድ ይታዘዛል። ይህ በእኔ አስተያየት ከንቱ ድካም ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው የማስታወስ ጥናት እንዳሳየው፣ በአንድ ጊዜ ከሚደራረብ ልምምድ ይልቅ በቀናት የተከፋፈለው ይጸናል። በየቀኑ ሩብ ሰዓት ቢሰጥ በ65 ቀናት 16 ሰዓት ከሩብ ይሆናል፤ ስሌቱን አንባቢው ራሱ ያረጋግጥ።

ለዚህ ክለሳ መጽሐፍ መግዛት አያስፈልግም። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ በግቢ ውስጥ ቢቀመጥ፣ ሕፃኑ በየማለዳው የዝናቡን ውኃ ከፍታ በማስመሪያ ለክቶ ይመዘግባል፤ በሳምንቱ መጨረሻም ይደምራል፤ ካለፈው ሳምንት ጋር ያነጻጽራል። የዘመን አቆጣጠራችንም መልካም የማካፈል መልመጃ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ቢቀር የዚያ ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። 2015 ለ4 ሲካፈል ድርሻው 503፣ ቀሪው 3 ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች። «ቀጣዩስ መቼ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ሕፃኑ ሳይታዘዝ ያካፍላል።

«ክረምት የዕረፍትና የሥራ ወቅት ነው፤ ሕፃናቱን አታስጨንቋቸው» የሚሉ አሉ። አባባላቸው እውነትነት አለው። ሲያርም ወይም ከብት ሲጠብቅ የዋለ ሕፃን ማታ አንድ ሰዓት ሙሉ ደብተር ላይ ሊያጎነብስ አይገባውም። ሩብ ሰዓት ያልኩትም ስለዚህ ነው፤ ያውም ጥያቄው በመንገድ ላይ በቃል ሊቀርብ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋኝ የታላላቆች ኩርኩም ነው። ሕፃኑ ሲሳሳት ከመምታት ይልቅ እንዴት እንዳሰበ መጠየቅ ይሻላል። ሰባት ጊዜ ስምንት 54 ነው ያለ ልጅ ከስድስት ጊዜ ዘጠኝ ጋር አምታቶት ይሆናል። ሁለቱንም በጠጠር ጎን ለጎን ደርድሮ ቢቆጥር፣ በአንደኛው ሁለት ጠጠር እንደሚበልጥ በዓይኑ ያያል።