ያለ ሽንኩርት የሚሠራው የካሽሚር የዕንቁላል ወጥ

ሽንኩርት ሳይቁላላ የሚሠራ ወጥ አለ ብንል ከአንባብያን እመቤቶች ብዙዎቹ የሚያምኑን አይመስለንም። ባለሙያ ሴት የምትመሰገነው ሽንኩርቱን በትዕግሥት በማቁላላቷ ነውና። ይሁን እንጂ በሂማላያ ተራሮች መካከል በሚገኘው በካሽሚር ሸለቆ፥ ፓንዲት የሚባሉት የሂንዱ ካህናት ወገኖች ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት ሳያስገቡ ቀይና መዓዛው ያማረ ወጥ ሲሠሩ ኖረዋል። ይኸውም ሁለቱ ፍትወትንና ቁጣን ያነሣሣሉ ብለው ስለሚያምኑ ነው። ሥጋ ግን አይከለክሉም፤ የበግ ሥጋ ይበላሉ፤ በዚህም ከብዙዎቹ የሕንድ ብራህማኖች ይለያሉ። ጎረቤቶቻቸው የካሽሚር ሙስሊሞች ነጭ ሽንኩርትና ፕራን የሚሉትን ትንሽ ሽንኩርት ስለሚጨምሩ፥ ወጡን የቀመሰ ሰው ከማን ቤት እንደ ወጣ ለማወቅ አይቸገርም።

በ1982 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1990) በሸለቆው ሁከትና ግድያ በተነሣ ጊዜ ከፓንዲቶቹ የሚበዙት ቤታቸውን ትተው ወደ ጃሙና ወደ ዴልሂ ተሰደዱ። ብዙዎቹ በጃሙና አካባቢ በድንኳን ተጠለሉ። ከሸለቆው ይዘው ሊወጡ ከቻሉት ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ የእናቶቻቸው የምግብ አሠራር ነው። ስለዚህ «ጥቂት ሽንኩርት ቢገባበት ምን ይጎዳል?» የሚለውን ምክር እኛ አንቀበለውም። ሽንኩርት የገባበት ወጥ ይጣፍጥ ይሆናል፤ የእነርሱ ወጥ ግን አይደለም።

የሽንኩርቱን ቦታ የሚይዙት የእንስላል ዘር ዱቄት፥ የደረቀ ዝንጅብል ዱቄትና ሂንግ ናቸው። ሂንግ በአፍጋኒስታንና በኢራን ከሚበቅል ተክል ሥር የሚወጣ ሙጫ ነው። ጥሬውን ያሸተተ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ በጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ ግን የተቁላላ ሽንኩርት የሚመስል መዓዛ ይሰጣል። የሕንድ ቅመም ከሚሸጥበት ካልተገኘ ቢቀር ይሻላል።

የካሽሚር በርበሬ ቀለሙ እጅግ የቀላ፥ ማቃጠሉ ግን ለዘብ ያለ ነው። በጓዳችን ያለውን የተደለዘ በርበሬ በእርሱ ፈንታ ማግባት አይገባም፤ ነጭ ሽንኩርትና ሌላም ቅመም አለበትና። ዛላውን ፍሬውን አራግፎ ብቻውን ማስፈጨት ነው።

ስምንት ዕንቁላል ዐሥር ደቂቃ ያህል ተቀቅሎ በቀዝቃዛ ውሃ ይነከርና ይላጣል። ለዶሮ ወጥ እንደምናደርገው ጎን ጎኑን በቢላዋ ጫር ጫር ይደረጋል። ቀጥሎ ያለውን የእኛ ሴቶች አያደርጉትም፤ የተላጠው ዕንቁላል ቆዳው ወርቅ እስኪመስል ድረስ በዘይት ይጠበሳል። መረቁን የሚይዘው ይህ የተጠበሰው ቆዳ ነው። ካሽሚሮች የሚጠቀሙበት የሰናፍጭ ዘይት ነው፤ ጢሱ እስኪታይ ከጋለ በኋላ በረድ ይደረጋል፤ አለዚያ ጉሮሮ ይከረክራል። ባይገኝ ሌላ የምግብ ዘይት ይበቃል።

ዕንቁላሉ ወጥቶ ከቀረው ዘይት አራት የሾርባ ማንኪያ ያህል ይተዋል። አራት ቅርንፉድ፥ አራት ፍሬ ሄል፥ አንድ ስባሪ ቀረፋና ከጥፍር ያነሰች ሂንግ ይጨመሩበታል። ሁለት የሻይ ማንኪያ በርበሬ አስቀድሞ በጥቂት ውሃ ይበጠበጥና ይገባል፤ ደረቁን የጣለበት ሰው አርሮ ሲጠቁርበት ያያል።

አሁን ከሁሉ የሚያስቸግረው መጣ። አንድ ብርጭቆ እርጎ አንዳች ጓል እስከማይቀርበት ድረስ ይመታል። እሳቱ ይቀነስና በማንኪያ ጥቂት በጥቂት እየገባ ይማሰላል። እስኪፈላ ድረስ ማማሰል ከተቋረጠ አይቡና ውሃው ይለያያል፤ ከተለያየም በኋላ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ በር ቢንኳኳ ሌላ ሰው ይክፈት እንጂ የምታማስለው ከምድጃው አትነሣ። ሲፈላ አንድ ብርጭቆ ተኩል ሙቅ ውሃ፥ ሁለት የሻይ ማንኪያ የእንስላል ዱቄት፥ አንድ የሻይ ማንኪያ የዝንጅብል ዱቄትና ጨው ይገባል። ዕንቁላሉም ተጨምሮ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ ድረስ ሩብ ሰዓት ያህል ይንተከተካል። ካሽሚር ሲባል ዛፍራን የሚያስቡ አሉ፤ ለዚህ ወጥ አያስፈልግም።

ዕንቁላልና እርጎ የፍስክ ናቸውና ለመሞከር የሚመቸው ጊዜ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ሃምሳ ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም ይበላልና።

በአገሩ የሚቀርበው ከነጭ ሩዝ ጋራ ነው። መረቁ ቀጭን ስለሆነ በእንጀራ ሊበላ የወደደ ጥቂት ደቂቃ ጨምሮ ያንተክትከው። ለማግሥቱ የተረፈውም በለዘበ እሳት ይሞቃል እንጂ አይፈላም።