ከሌሞ ቁልቁል፦ አስፋልቱ ሳይቀድመን

ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ዋና መቀመጫ ናት። ስለ ክልሉ ቱሪዝም ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚዘረዘረው ግን ያው የምናውቀው ነው፤ ሎጅ፣ አስፋልት፣ የአምባሪቾ ተራራ ደረጃ፣ የአጆራ ፏፏቴ። ሁሉም እንግዳውን በመኪና አምጥቶ፣ አንድ ቦታ አውርዶ፣ ፎቶ አስነስቶ በመጣበት መኪና የሚሸኝ አሳብ ነው። የእኔ አሳብ ከዚህ ይለያል። የሐድያና የከምባታ ምድር ለእንግዳ የሚያሳየው ትልቁ ነገር በሁለት መድረሻዎች መካከል ያለው ነው። እሱን ለማየት ደግሞ ከብስክሌት የሚሻል መጓጓዣ አላውቅም። ሞተር የማይበዛባቸው መንገዶች ዛሬ በእጃችን አሉ። በዚሁ ከቀጠልን ግን ብዙ አይቆዩም።

ፈረንሳዮች ይህን ካወቁት ሰንብተዋል። የሏር ወንዝ ሸለቆ በነገሥታት ቤተ መንግሥቶቹ የታወቀ ነው፤ ዋናው ክፍሉም በ2000 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወንዙን ተከትሎ እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ የሚወርድ 900 ኪሎ ሜትር ያህል የብስክሌት መስመር አለ። ወጪው ቀላል አልነበረም፤ ቢሆንም ብዙው ክፍል ከባዶ የተሠራ አይደለም። የጎርፍ መከላከያ ክትር ጀርባ፣ ድሮ ፈረሶች ጀልባ እየጎተቱ የሄዱበት የወንዝ ዳር፣ መኪና የማይበዛበት የገጠር መንገድ፣ እነዚህን ቁርጥራጮች በአንድ ምልክት አያይዘው ነው መስመር ያደረጓቸው። ከመስመሩ 5 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ ያለ ማረፊያ ለብስክሌት ማሳደሪያና መጠገኛ ካዘጋጀ፣ በመላ አገሪቱ የሚታወቅ አንድ ምልክት በሩ ላይ ይለጥፋል። መንገደኛውም ያንን አይቶ ይገባል።

ጥቅሙን ማስላት አይከብድም። መኪና የያዘ ቱሪስት ቁርሱን አንድ ከተማ በልቶ ምሳውን መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ይበላል፤ በመካከል ላሉት መንደሮች የሚተርፋቸው አቧራ ነው። ፔዳል የሚመታ ሰው ግን በየሰዓቱ ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ጎማው ይተነፍሳል፣ ዝናብ ይይዘዋል። ገንዘቡን በጥቂት በጥቂቱ፣ በየመንደሩ፣ ሆቴል ለሌላቸው ሰዎች ጭምር እየሰጠ ያልፋል።

ወደ እኛ ልመለስ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም፣ ሰው በተለምዶ ዩራፕ በሚለው፣ ቀበሌዎችን ከዋና መንገድ የሚያገናኝ ብዙ ጠጠር መንገድ ወጥቷል። ሆሳዕናን ከከበባት ከሌሞ ወረዳ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ወደ ሻሾጎ፣ ወደ ደቡብም ወደ ዶዮገናና አንጋጫ የሚወስዱትን የውስጥ መንገዶች የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። ከገበያ ቀን ውጭ ሞተር ሳይክልና አልፎ አልፎ አንድ አይሱዙ ካልሆነ በቀር የሞተር ድምፅ አይሰማም። በዋናው አስፋልት ላይ ከሚከንፉት ዶልፊን ሚኒባሶች አንጻር ሌላ አገር ነው።

እዚህ ላይ ግን ፈረንሳይንና ሌሞን የሚለያይ ነገር አለ። በሏር ፀጥታው በውሳኔ የመጣ ነው፤ መኪና የሞላው አገር ለሰው ቦታ ለይቶ አስቀመጠ። የእኛ ፀጥታ ከእጦት የመጣ ነው። ገበሬው መኪና ስለሌለው መንገዱ ፀጥ አለ። ስለዚህ ፀጥታውን እንዳለ እናቆየው ብሎ መስበክ፣ ምጥ የያዛትን እናት በቃሬዛ ተሸክመው ለሚሮጡ ሰዎች የሚነገር ነገር አይደለም። አምቡላንሱ መድረስ አለበት፤ ድንቹና ስንዴውም በመኪና መውጣት አለበት። ጥያቄው መኪናው ሲመጣ እግረኛውና ብስክሌተኛው ወዴት ይሂዱ የሚለው ነው።

ደግሞም ፀጥ ያለ መንገድ ማለት ባዶ መንገድ ማለት አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በሐድያ ዞን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ340 በላይ ሰው፣ በጊዜው ከምባታ ጠምባሮ ይባል በነበረው ዞን ደግሞ 500 ያህል ሰው ይኖር ነበር። ዛሬ ከዚያ ይበልጣል። እዚህ ብቻውን የሚጋልብ ብስክሌተኛ የለም። ወደ ገበያ የሚሄዱ እናቶች፣ ጭነት ያዘሉ አህዮች፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች አብረውት ናቸው። ልጆቹ ይሮጣሉ፣ ይጮኻሉ፣ አንዳንዴም ድንጋይ ይወረውራሉ፤ አህጉር አቋራጭ ብስክሌተኞች ስለ ኢትዮጵያ ሲያወሩ ይህን ሳያነሱ አያልፉም። ነገሩን ማድበስበስ አያስፈልግም። ግን ልብ በሉ፤ ድንጋዩ የሚወረወረው አልፎ ለሚሄድ፣ ስሙም ለማይታወቅ ሰው ነው። የመንደሩ ልጅ መምህሩን በብስክሌት ሲያይ ድንጋይ አያነሳም። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹ ጋላቢዎች ፈረንጆች መሆን የሌለባቸው። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የቀበሌው መምህር መንገዱን ካለመዱት እንግዳው ኋላ ይመጣል።

አገራችን ብስክሌትን የምታውቀው በአብዛኛው በውድድር ነው። በሜልቦርን በተካሄደው የ1956 እ.ኤ.አ. ኦሊምፒክ ብስክሌተኞቻችን ተሰልፈዋል፤ ጽጋቡ ግርማይም በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የሚያኮራ ነው። እዚህ የምናገረው ግን ስለማይቸኩል ሰው ነው።

ምን ያያል? ሏር ቤተ መንግሥት አለው። የሐድያ ታሪክ ግን በድንጋይ ቆሞ አይጠብቅም። ከሐድያው ገዥ፣ ከገራዱ ቤት ወጥታ የዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ባለቤት የሆነችው፣ ኋላም ገና ልጅ በነበረው በዓፄ ልብነ ድንግል ስም አገር ስታስተዳድር ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላከችው እቴጌ እሌኒ፣ ልናስጎበኘው የምንችል አንድም እልፍኝ እዚህ የላትም፤ የጥንቱ ሐድያ ወሰንም ከዛሬው ዞን ጋር አንድ አይደለም። የዚህ ምድር ቅርስ በኑሮ ውስጥ ያለ ነው። እንሰት ከቤቱ ጓሮ ይጀምራል፤ ችግኙ በየዕድሜው እየተነቀለ እንደገና ይተከላል፣ ለመፋቅ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ሴቶቹ ሲፍቁት የሚሰማው ድምፅ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ የሚብላላው ቆጮ ሽታ፣ የቡላው ንጣት፣ ይህ ሁሉ መስታወቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ላለ ሰው አረንጓዴ ግድግዳ ብቻ ነው። በብስክሌት ግን በአጥሩ ላይ አንገት አስግጎ ሰላምታ የሚለዋወጡበት ፍጥነት አለ። ወደ ሻሾጎ ሲወረድ አየሩ ይሞቃል፣ መሬቱ ለጥ ይላል፣ የቦዮ ረግረግና ወፎቹ ይመጣሉ፤ ከዚያ ከጉራጌ ተራሮች ተነስቶ ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርደው የቢላቴ ወንዝ፤ ከዚያ ደግሞ ሀላባ፣ ግድግዳቸው በሥዕል ያሸበረቀ ቤቶቿና በርበሬዋ። ከ2,100 ሜትር በላይ ካለችው ሆሳዕና ተነስቶ፣ ከፍታውን ከሞቃታማው ዝቅታ ጋር በአንድ ጉዞ የሚያገናኝ ቁልቁለት ነው።

ለመኪና ያልተሠራ መንገድ የሚለው አሳብም ከውጭ የምናመጣው አይደለም። እዚያው ክልል ውስጥ ጉራጌ ጀፎሮ አለው። ሰፊ፣ ሣር የለበሰ፣ ቤቶች ግራና ቀኝ ፊታቸውን አዙረው የሚያዩት የጋራ መንገድ ነው፤ ከብት ይግጥበታል፣ ሠርግና ለቅሶ ይቆምበታል፣ ፈረስ ይጋለብበታል። ወሰኑን ገፍቶ አጥር ያሰፋ ሰው በባህላዊው ሕግ ይጠየቃል። መንገድ የሰው ነው ብሎ በሕግ ያሰረ ሕዝብ ባለበት ክልል፣ የመንገድ ዲዛይን ሲሠራ ከጀፎሮ ምንም አለመወሰዱ ያስገርመኛል።

ተቃውሞው ይታወቀኛል። ዳገቱ ይበዛል፤ እውነት ነው፣ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ብስክሌት የለመዱት ሜዳ ስለሆኑ ነው። ክረምት ቀይ ጭቃው ጎማ ይይዛል፤ በልግም እንዲሁ። ስለዚህ መስመሩ የሚሠራው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ በመስከረም መጨረሻ ዝናቡ ከረገበ ደግሞ የሐድያ ያሆዴና የከምባታ መሳላ በዓላት አሉ፣ ያኔ አተካና የተባለውን የበዓል ምግብ ሳይቀምስ የሚያልፍ እንግዳ የለም። ጎሚስታ በየከተማው አለ፤ ካላማዳሪ መለጠፍ የሚያውቅ ሰው የብስክሌት ማርሽና ፍሬን ለመልመድ ብዙ ቀን አይፈጅበትም። ብስክሌት የሆሳዕናን ወጣት ከደቡብ አፍሪካ የስደት መንገድ ያስቀረዋል የሚል ካለ እኔ አይደለሁም፤ ያ ከብስክሌት በላይ የሆነ ጉዳይ ነው። ለአንዲት ቡና አፍልታ ለምትሸጥ እናት ግን በሳምንት ጥቂት እንግዳ ቀላል ገቢ አይደለም።

የሚያሰጋኝ አስፋልቱ ራሱ አይደለም፣ ለምደነው የመጣነው አሠራር ነው። መንገድ ይጠባል፣ ትከሻ አይተውለትም፣ እግረኛው ቦይ ውስጥ ይሄዳል፤ ከዚያ አደጋ ሲበዛ ጉብታ ይሠራል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. መንገድ ለሰው ብላ መኪና የማይገባባቸውን ቀናት የጀመረችው፣ አሁንም በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር የምትቀባው፣ ከተማዋ በመኪና ከታነቀች በኋላ ነው። የተሠራን አፍርሶ ቦታ ማስለቀቅ ውድ ነው። ሌሞ ገና አልታነቀም።

የክልሉ የመንገድና የቱሪዝም ቢሮዎች አንድ ነገር ቢያደርጉ እላለሁ። ከሆሳዕና በሌሞና በሻሾጎ አድርጎ እስከ ቢላቴ የሚወርድ አንድ መስመር ምረጡ። ምልክት ትከሉበት፣ በየተወሰነ ርቀት እንግዳ ለማሳደር ፈቃደኛ የሆኑ ቤቶችን መዝግቡ፣ ከየቀበሌው ትምህርት ቤት ጋር ተነጋገሩ። መስመሩ ወደፊት አስፋልት ሲለብስም ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን ትከሻ በውሉ ውስጥ ይጻፍ። በጥቅምት ጭቃው ሲደርቅ የመጀመሪያውን ጉዞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ይጀምሩት።