መቀሱን አስቀምጡ!

በመካከላችን ቴምብር የሚያጠራቅሙ ጓደኞች አሉን። እንወዳቸዋለን፤ ዛሬ ግን ልንጣላቸው ተነስተናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአያት ሣጥን አሮጌ ደብዳቤ ይወጣል። ጓደኛችን ቴምብሩን ዙሪያውን በመቀስ ይቆርጣል፤ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፋል፤ ሙጫው ሲለቅ አድርቆ አልበሙ ውስጥ ያስገባል። ፖስታውስ? ፖስታውማ ቅርጫት ገባ! ዶሮ አርዶ ሥጋዋን የሚጥል፣ ላባዋን የሚያስቀምጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«ዋጋ ያለው ቴምብሩ እኮ ነው» ይሉናል። እስቲ የአጼ ምኒልክን የመጀመሪያ ቴምብሮች እንውሰድ። የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም በ1886 ዓ.ም. ታዘዘ፤ ሰባት ዓይነት ቴምብር ፓሪስ ታተመ፤ አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ ሦስቱ አንበሳውን የያዙ። ታዲያ እዚያው ፓሪስም ለአጠራቃሚዎች ይቸበቸብ ነበር። ዛሬ አልበም ላይ ንጹሕ ሆኖ የሚያበራው የምኒልክ ቴምብር ከአውሮፓ መሳቢያ ወደ አውሮፓ መሳቢያ ሲዘዋወር የኖረ፣ አገራችንን ያላያት ሊሆን ይችላል። ስለኛ ምን ይነግረናል?

በዚያው ዘመን ከሐረር ወደ ባሕር ማዶ የሄደ ፖስታ ግን ብዙ ይናገራል። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የኛ ቴምብር ከድንበር ወዲያ አይሠራም ነበር፤ ላኪው የምኒልክን ቴምብር ከለጠፈ በኋላ ለቀሪው መንገድ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብርም ያስፈልገዋል። ዓድዋ ላይ ድል የነሣ መንግሥት፣ ደብዳቤው ባሕር እንዲሻገር የቅኝ ገዢ ቴምብር ሲጠየቅ! ይሄ የሚገባን ሁለቱ ቴምብሮች ባንድ ፖስታ ላይ ጎን ለጎን ሲታዩ ነው። መቀስ ከገባ አንደኛው «ኢትዮጵያ» በሚለው ገጽ፣ ሌላው «ጅቡቲ» በሚለው ገጽ ይለጠፋል። ታሪኩ መሐል ላይ ሞተ። (በዚያን ጊዜ ቴምብሮቹ ላይ በማህተም ከተመቱት የአማርኛ ቃላት አንዱ «ቦስታ» ነው። ቃሉ ገና አፋችን ላይ አልተደላደለም ነበር መሰለን።)

የፖስትካርዱ ደግሞ ይባስ። በ1928 ዓ.ም. አገራችንን የወረረው የፋሺስት ጦር ወታደር፣ የሴቶቻችንን እርቃን ፎቶግራፍ በፖስትካርድ ወደ አገሩ ይልክ ነበር። ከሥሩ የሴትዮዋ ስም የለም። ዛሬ እንዲህ ያለውን ካርድ ፊቱን ብቻ አንስተው «የጥንት ውበታችን» እያሉ በየስልኩ የሚያዞሩ አሉ። እስቲ ገልብጡት! ማን ላከው፣ ለማን፣ ምን ብሎ ተመጻደቀባት? ጀርባው ሲጣል ካርዱ ጌጥ ይመስላል፤ ከነጀርባው ሲታይ ግን የወንጀል ማስረጃ ነው።

«ተዉን እባካችሁ፣ ይሄ የሀብታም ልጅ ጨዋታ ነው» ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው፤ እናንተ የናቃችሁትን የውጭ አገር ሰው ገዝቶ ይዞት ይሄዳል።

ደግሞስ የድሃው ፖስታ የት ሄደ? ባገራችን ደብዳቤ በር ድረስ አይመጣም፤ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ያለው ሰው መፈለግ ነው። ስለዚህ ፖስታው ላይ «በእገሌ ትምህርት ቤት በኩል»፣ «በእገሌ ሱቅ በኩል ለወይዘሮ እገሊት ይድረስ» ተብሎ ተጽፎ እናያለን። ባለሱቁ ይቀበላል፣ ተማሪ ያነባል፣ እናት ታለቅሳለች። ይህ ሁሉ ሰው ያለው ፖስታው ላይ ነው እንጂ ቴምብሩ ላይ አይደለም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ልጇ በእግሩ ወደ ሱዳን የተሰደደባት እናት ፖስታው ሳይከፈት በፊት ማህተሙን ታስነብብ ነበር። «ካርቱም» ከተባለ ልጁ ድንበሩን ተሻግሯል፤ ቀኑ ከተነበበ እስከዚያ ቀን በሕይወት ነበረ። አሁን ይህን ማህተም ለሁለት ሰንጥቃችሁ ግማሹን ልትጥሉት ነው?

ለዕረፍት አገር ቤት ስትገቡ እናቶቻችሁን ጠይቁ። የተገኘውን ደብዳቤ ከነፖስታው፣ ከነማህተሙ፣ ከነቅዱ አምጡት። ፕላስተር አትለጥፉበት፤ እስክሪብቶም አታስነኩት። የማን እንደሆነና ከየት እንደተገኘ በሌላ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፉና አብራችሁ አስቀምጡ። አልበም የሌለው በጫማ ካርቶን ይጀምር።