«ተበላሸ» ከማለታችን በፊት

በብዙ ቤት ውስጥ ከአንድ ጥግ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር አይጠፋም። ልጆች ያጠኑበታል፤ እናት የዕቁብና የዕድር ሒሳብ ትይዝበታለች፤ አንዳንዷም ደብዳቤና ማመልከቻ እየጻፈች የዕለት ጉርሷን ታገኝበታለች። ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ማብሪያውን ሲጫኑት ዝም ይላል። ቤተሰቡ ይከብበዋል። አንዱ በመዳፉ ይመታዋል፤ ሌላው ስፒናውን እየነቀለ ይሰካል። በመጨረሻም ታቅፎ ወደ ጠጋኝ ይሄዳል። «ምን ሆነ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ተበላሸ» ብቻ ነው።

ልጇን ሐኪም ዘንድ የወሰደች እናት ግን «ታሟል» ብላ ዝም አትልም። መቼ እንደ ጀመረው፣ ሌሊት እንደሚያተኩሰው፣ ምን እንደ በላ አንድ በአንድ ትናገራለች። የኮምፒዩተርም ነገር እንዲሁ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ምልክቱን ለይቶ ያልተናገረ ሰው ጤነኛ ዕቃ ያስለውጣል፤ ከቤት ወጪው ላይ ያለ አግባብ ይከፍላል። ስለሆነም ዋና ዋናዎቹን ምልክቶች እንመልከት።

መጀመሪያ፣ ጭራሹን የማይነሳ ከሆነ ጥፋቱን ከኮምፒዩተሩ ውጭ ፈልጉ። በዚያው ሶኬት ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ ሞክሩ። ማከፋፈያውን ትታችሁ በቀጥታ ከግድግዳው ሰኩት። ገመዱንም በሌላ ገመድ ለውጣችሁ እዩ። በብዙ አሮጌ ማሽኖች ጀርባ፣ ከገመዱ መሰኪያ አጠገብ፣ 115 እና 230 የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ መቀየሪያ ይገኛል። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካው 120 ቮልት ነው። ስለዚህ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ኮምፒዩተር መቀየሪያው 115 ላይ እንዳለ ከተሰካ ኃይል ሰጪው ክፍል ወዲያው ይቃጠላል። ከመሰካቱ በፊት 230 ላይ መሆኑን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛ፣ ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ፣ የስክሪኑን መብራትና ገመድ ተመልከቱ። ያ ደህና ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠረጠረው ራም የሚባለው የማስታወሻ ሰሌዳ ነው። ብዙዎቹ አሮጌ ማሽኖች ሲነሱ አንድ አጭር «ጢጥ» ቢሉ ደህና ነኝ ማለታቸው ነው፤ ድምፁ ከተደጋገመ ግን አቤቱታ ነውና ስንት ጊዜ እንደ ጮኸ ቆጥራችሁ ጻፉ። ራሙን ለማጽዳት ስፒናውን ንቀሉ፤ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ቆዩ፤ የሳጥኑን ብረት ነክታችሁ በሰውነታችሁ ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ አስወግዱ። ከዚያም በሁለቱ ጫፎች ያሉትን መቆለፊያዎች ከፍታችሁ ሰሌዳውን አውጡ። ወርቃማውን ጠርዝ በንጹሕ ላጲስ በቀስታ አሹት፤ ፍርፋሪውንም በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። መልሳችሁም ቀጭ እስኪል ግፉት። ሰሌዳዎቹ ሁለት ከሆኑ አንድ በአንድ ሞክሩ፤ የታመመው የቱ እንደ ሆነ ይለያል።

ሦስተኛ፣ ጥቂት ሠርቶ ራሱን የሚያጠፋ ከሆነ ሙቀት ነው ብላችሁ ጀምሩ። ማሽኑ የሚጠፋው ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ነው። እዚህ ላይ ዳንቴላችንም ጥፋተኛ ነው፤ እየሠራ ሳለ ለብሶ ከተቀመጠ አየር አያገኝም። ዳንቴሉን አንሱ፤ ሳጥኑን ከግድግዳው አርቁ፤ በማራገቢያው ላይ የተጋገረውን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። በማዘርቦርዱ ላይ የቆሙትንም ትንንሽ በርሜል መሰል ነገሮች ተመልከቱ። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ካበጠ ወይም ቡናማ ነገር ካፈሰሰ በሽታው እዚያ ነው። በተለይ ከ1999 እስከ 2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተሠሩ ብዙ ማሽኖች ላይ ይህ ጉድለት ታይቷል።

አራተኛ፣ በየማለዳው ቀኑና ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ አትደንግጡ። ሳንቲም የምታክለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ሲአር 2032 ብላችሁ ጠይቁ። ቀኑ ሲሳሳት ኢንተርኔቱም «አስተማማኝ አይደለም» እያለ ገጾችን ሊከለክል ይችላል። የዚህ መድኃኒት ባትሪዋን መለወጥ እንጂ ኮምፒዩተሩን መለወጥ አይደለም።

አምስተኛውን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቤታችን ኮምፒዩተር «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ማሰማት ጀመረ። እርጅና ነው ብዬ ለሳምንታት ዝም አልኩ። ሲቆም አጠፋሁ፤ አበራሁ፤ ደግሜ አጠፋሁ። ድምፁ የሃርድ ዲስኩ ኖሯል። ባበራሁት ቁጥር የባሰ እየጎዳሁት መሆኑን አላወቅሁም። ነፍሷን ይማርና፣ የእናቴ የመጨረሻው ፋሲካ ፎቶግራፎች በሌላ ቦታ አልነበሩም። አሁንም የሉም። ስለዚህ ይህን ድምፅ የሰማችሁ እንደሆነ፣ ከምንም በፊት የማይተካውን ነገር በፍላሽ ወይም በሌላ ዲስክ ገልብጡ። ካልተቻለም አጥፍታችሁ ዳግመኛ ሳታበሩ ለባለሙያ ስጡ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

«ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ጣሉት» ከተባላችሁ ደግሞ ዲስኩ አብሮ ሞቷል ማለት እንዳልሆነ እወቁ። አውጥቶ በሌላ ማሽን ላይ በማድረግ ሰነዱንና ፎቶውን ማትረፍ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ሳጥኑን ስትጥሉ ዲስኩን አትጣሉ።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ኃይል ሰጪውን ሣጥን፣ ማለትም ፓወር ሰፕላዩን፣ በፍጹም አትክፈቱ። ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ቢሆን በውስጡ የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ተከማችቶ ሊቆይ ይችላል። ልጆችም እንዳይነኩት ይጠበቁ። መብራት ሲሄድም ስፒናውን ነቅላችሁ፣ ተመልሶ እስኪረጋ ድረስ ቆዩ። አቅም ከፈቀደም ስታብላይዘር ወይም ዩፒኤስ መግዛት ከጥገናው ወጪ ይቀላል።

ወደ ጠጋኝ ስትሄዱ ያያችሁትን ምልክት በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ዋጋውን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ሲከፈት አጠገቡ ቁሙ፤ የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ መልሱልኝ በሉ። ይህን ማለት ባለሙያውን መጠርጠር አይደለም፤ ንብረትን ማወቅ ነው። ደግሞም ዛሬ ማታ፣ ኮምፒዩተሩ ገና ደህና ሳለ፣ የቤተሰባችሁን ፎቶግራፍ በሌላ ቦታ ገልብጡ።