«ይገለጻል» ባዩ ማን ነው?

«ማመልከቻዎ ደርሷል፤ ውጤቱ በቀጣይ ይገለጻል።» ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ የዩኒቨርሲቲ ደጅ የጠና ሁሉ እንዲህ ያለች ኢሜይል ያውቃል። አዳማ ኢንተርኔት ቤት ተኮልኩለን ስንፈታት ከርመናል። አንዱ «ደርሷል ካሉማ ገብተሃል!» ይላል፤ ሌላው «ዝም በል፣ ለሁሉም ነው የሚልኩት»።

እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ነንና ነገሩን በሰዋስው እንያዘው። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን ተሸክሞ ይሄዳል። «ነገረችኝ» ስንል ነጋሪዋም ሰሚውም እዚያው አሉ። የቢሮ አማርኛ ግን «ተ»ን ከፊት ይለጥፍና አድራጊውን ይሰውራል፦ ተመድበዋል፣ አልተካተቱም፣ ተሰርዟል። ማን ሰረዘው? መልስ የለም። «ይገለጻል» ላይማ «ተ» ራሷ ተውጣ ቀርታለች፤ በመጥበቅ ብቻ ነው የምትታወቀው! (አንቱታውንም ልብ በሉ፤ የ18 ዓመት ልጅ «አንቱ» እየተባለ ይባረራል።)

«ብዛታችሁን አታዩም ወይ?» ይሉናል። እናያለን። ጥር 2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። መራራ ቁጥር ነው፤ ትርጉሙን ፍለጋ ግን ማንም ኢንተርኔት ቤት አልተኮለኮለም። እኛን የሚጎዳን «አልፈለግንህም» መባሉ አይደለም። የባቱ ልጅ አበባ እርሻ ልትቀጠር ነው ወይስ ልትጠብቅ? የመቂው ልጅ ለቲማቲም መሬት ይከራይ ወይስ ብሩን ለመመዝገቢያ ያስቀምጥ? «በቀጣይ» መቼ ነው? ከፋሲካ በፊት ነው በኋላ?

«እኛ የምደባ ክፍል ሠራተኞች እስከ መስከረም 20 እንነግርሃለን» ብሎ መጻፍ ስንት ብር ያስወጣል?