«ተራራ ላይ ነኝ፣ ሀሪኬን የት ያገኘኛል?»

የዚህ ሳምንት ጠያቂያችን አንዲት ወጣት ናት። ወንድሟ አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ፣ አሽቪል ከተማ አጠገብ ወንዝ ዳር ቤት ተከራይቷል። «የሀሪኬን ወሬ በሰማሁ ቁጥር እደነግጣለሁ። እሱ ግን ‹ባሕሩ የት፣ እኔ የት! ተራራ ላይ ነኝ› እያለ ይስቅብኛል። ማናችን ነን ልክ?» ትላለች።

እህቴ፣ ልክ አንቺ ነሽ። በእርግጥ በሱ አልፈርድም፤ እኛም አዲስ አበባ ላይ ተቀምጠን ስለ ባሕር ማዕበል ማን ያስባል?

በመስከረም 2017 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2024) ሄሊን የተባለው ሀሪኬን የፍሎሪዳን ዳርቻ ሲመታ አሽቪል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ነበር። ነፋሱ መንገድ ላይ ደከመ፣ ዝናቡ ግን አልደከመም። ከባሕር የመጣ እርጥብ አየር ተራራ ሲገጥመው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ የተሸከመውን ውሃ እዚያው ያራግፋል። አፈሩ ደግሞ ቀደም ብሎ በጣለው ዝናብ ጠግቦ ነበር። ታዲያ ውሃው በጠባብ ሸለቆ ተጨንቆ ሲወርድ ቤት ይቀራል? በሰሜን ካሮላይና ብቻ ከ100 በላይ ሰው ሞተ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ መንገድ ተቆረጠ። የአሽቪል የቧንቧ ውሃ እንደገና ለመጠጥ የሆነው ከ53 ቀን በኋላ ነው!

ስለዚህ ወንድምሽ አከራዩን ይጠይቅ፦ በ2024 ጎርፉ እስከ የት ደረሰ? በ1916ስ? (ያን ጊዜም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከተማዋን ጎርፍ ክፉኛ ጎድቷታል።) ከቤቱ በላይ ያለውን ዳገትም ይየው። በሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ የሆነውን አንረሳም፤ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡት ላይ ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው።

ልቀቁ ከተባለ ሳይጨልም፣ መንገዱ ሳይዘጋ ይውጣ። ጎርፍ በያዘው መንገድ መኪና መንዳት ጀግንነት አይደለም፤ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ወራጅ ውሃ አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል። ቤቱ ውስጥ በቀን 4 ሊትር ያህል እየታሰበ የመጠጥ ውሃ ያስቀምጥ። በባትሪ የሚሠራ ራዲዮና ጥሬ ገንዘብም ይያዝ፤ መብራት ሲጠፋ ካርዱ ፕላስቲክ ነው። የተከራይ ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ጎርፍን አይሸፍንም፣ ያንንም ያጣራ።

ላንቺ ደግሞ፦ ሌላ ስቴት ያለ አንድ ዘመድ ምረጡ። ስልክ ሲመለስ መጀመሪያ እዚያ ይደውል፣ አንቺም ከዚያ ጠይቂ። ቤቱ ከወንዙ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ግን አልጻፍሽልንም። ጠይቂውና ጻፊልን።